ለጉርድ ይበቃል

ልብስ ሰፊው ከአንገታቸው ማውለቅ የረሱትን ሜትር ስበው አወጡና ባንኮኒው መስታወት ላይ ዘረጉት። አንዱን ጫፍ በግራ አውራ ጣታቸው ተጭነው ሌላውን እስከ ስልሳ ሳቡ፤ ከዚያ አዙረው ቁመቱን ሰማንያ ላይ አቆሙ። ጣቶቻቸው ይህን ሥራ አርባ ዓመት ስለሠሩት አልተንቀጠቀጡም። የተንቀጠቀጠው አገጫቸው ነው።

«ይህን ያህል» አሉ። «ከወገብ በላይ፣ በራሷ ልክ። ፊቷ የራሷን ፊት እንዲያህል። እናቷ እንደዚያ ነው ያለችው።»

የፎቶ ቤቱ አታሚ ከባንኮኒው ወዲህ ቆማ የምታየው ሜትሩን ነው። ቀና ብላ የሰውየውን ዓይን ለማየት አልደፈረችም። የልብስ ሰፊውን ልጅ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃት ነበር። ከሦስት ቀን በፊት ከተማው ዳር ያለው የፍራሽ ፋብሪካ ሲቃጠል ሳይወጡ ከቀሩት አሥራ አንድ ሠራተኞች አንዷ ናት። ለቤተሰቡ የተሰጠው የታሸገ ሳጥን ነው። እናትየዋ እንዲከፈትላቸው ለመኑ፣ ጮኹ፣ ማንም እሺ እንደማይላቸው ሲገባቸው ዝም አሉ። ከዚያ ዝምታ ወጥተው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፊቷን አሳዩኝ፣ በራሷ ልክ። ቀብሩ ደግሞ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ነው። አሁን ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

«እዚሁ ነው የተነሳችው» አሉ ልብስ ሰፊው። «ፋብሪካው የቀጠራት ጊዜ፣ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ስትፈልግ። አራት ዓመት አለፈው። እኔ የሰፋሁላትን ኮት ለብሳ ወንድምሽ አነሳት። ትልቁን አሳጥባለሁ፣ ሳሎን እሰቅለዋለሁ እያልኩ…» ሜትሩን መጠቅለል ጀመሩ። «ነገ እያልኩ።»

«ሌላ ፎቶ የላትም?»

«ስልኳ አብሯት ነደደ። መታወቂያውም ኪሷ ውስጥ ነበር። እኛ ቤት ያለው የዘመድ ሠርግ ላይ የተነሳችው ነው፤ ከኋላ ቆማ የሰው ትከሻ ግማሽ ፊቷን ጋርዶታል። ፎቶ ስትባል መሸሽ ነበር ሥራዋ።»

«ግድ የለም ጋሼ፣ የእርሷ አለ» አለች አታሚዋ። «እኛ ምንም ነገር አንጥልም።»

ቃሉ ከአፏ የወጣው በልማድ ነው። አባቷ ሱቁን ሲከፍት ከበሩ በላይ ያስጻፈው «ፎቶዎ እኛ ጋ ይኖራል» የሚል ስለነበር እርሷም ሃያ ዓመት ሙሉ ለደንበኛ ሁሉ ይህንኑ ስትል ኖራለች። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም፤ ያለፈው ክረምት ትዝ አላት።

«አረፍ ይበሉ» አለቻቸውና ወንበር ስባ ሰጥታቸው ወደ ጓዳው ገባች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባለፈው ክረምት ፎቶዎቹ የሚቀመጡበት ዲስክ ጢም ብሎ ሞላ። ወንድሟ አዲስ ይምጣ ሲል እርሷ ለማን ብላ ተከራከረችው። አታሚዋ ንጹሕ ሰው ናት፤ ቤት ስትጠርግ የአልጋ እግር እያነሳች የምትጠርግ፣ ያለ ሥራ የተቀመጠ ዕቃ ዓይኗን የሚወጋት። ሦስት ዓመት ካለፈው በኋላ ፎቶውን ፈልጎ የሚመጣ ሰው ከመጣም ለጉርድ ነው የሚመጣው፤ ለትምህርት ቤት፣ ለመንጃ ፈቃድ። ትልቅ ልሥራ ብሎ ተመልሶ የመጣ አንድ ሰው አታስታውስም። ስለዚህ አንድ ዝናባማ ከሰዓት ተቀምጣ፣ ሦስት ዓመት ያለፈው ፎቶ ሁሉ ወደ ጉርድ መጠን እንዲወርድ ኮምፒውተሩን አዘዘችው። ትንሹ በትልቁ ላይ ተጽፎ ትልቁ ይጥፋ ወይ ብሎ ሲጠይቃት አዎ አለችው። ለጉርድ ይበቃል፣ አለች ለራሷ። ኮምፒውተሩ የከተማውን ሰው ፊት አንድ በአንድ ሲያኝክ እርሷ ሻይዋን ጠጣች።

ሲጨርስ ሃያ የሚሆኑትን ከፍታ አየች። ስክሪኑ ላይ ምንም አልሆኑም፤ ጥርት እንዳሉ ናቸው። ስክሪን ሰው እንደሚያታልል ከእርሷ በላይ የሚያውቅ የለም። በስልክ የተላከለትን ፎቶ ይዞ መጥቶ በር የሚያህል አርጊልኝ የሚላትን ሰው፣ «እዚያ ማማሩ ሌላ፣ ወረቀት ላይ ማማሩ ሌላ» እያለች ስትመልስ ነው የምትውለው። የዚያን ቀን ግን ያችኑ የሰው ስህተት ሠርታ፣ ዲስኩ ቦታ አገኘልኝ ብላ ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ሄደች።

ወንድሟ ጓዳው ውስጥ መብራት እየጠገነ ነበር። ሰፈሩ «ፈገግ በሉ» ነው የሚለው፤ ካሜራ ያነሳ እንደሆነ ሌላ ቃል ስለማያውቅ ስሙን ራሱ አወጣ ማለት ነው።

ፋይሉን አገኘችውና ከፈተችው። ከጥቁሩ ስክሪን መካከል ቴምብር የምታህል ልጅ ብቅ አለች። ጎን ላይ ያለውን ቁጥር አነበበች፤ በጎን አራት መቶ አሥራ ሦስት ፒክስል፣ በቁመት አምስት መቶ ሠላሳ አንድ። ሲነሳ ነጥቦቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ።

«ዋናውን አውጪው እንጂ» አለ ፈገግ በሉ ከኋላዋ መጥቶ።

«ይሄ ነው ዋናው።»

«እንዴት ይሄ ነው? እኔ እኮ ነኝ ያነሳኋት! ይሄንን ጉርድ አርጊው ቢሉሽ እንኳ አይሆንም።»

እውነቱን ነው። የእርሱ አሠራር ሁሉንም ሰው ከወገብ በላይ ማንሳት ነው፤ ጉርዱን ከዚያ ላይ ቆርጦ ያትምና የተቆረጠውን ይደመስሰዋል፤ ዋናው እያለ ምን ያደርጋል ብሎ። እርሷ ደግሞ ያንን ከወገብ በላይ ያለ ፎቶ እንዳለ ጠቅልላ ጉርድ አሳከለችው። ከዚያ ውስጥ ፊቷ መቶ ፒክስል እንኳ ቢሞላ ነው። ለጉርድ ይበቃል ያለችው ለጉርድም አልበቃም።

«እትዬ» አለ ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ላዩ ላይ ነው የጻፍሽበት?»

ጎን ላይ ያለውን ቁጥር በጣቷ ሸፈነችው። እርሱም ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። የካሜራው ካርድ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ተሞልቶ ስንት ጊዜ እንደተጠረገ ሁለቱም ያውቃሉ።

«ትዝ ትለኛለች» አለ ቆይቶ። «ፈገግ በሉ ስላት፣ ለመታወቂያ ነው እንጂ ለሠርግ ነው? አለችኝ። ተመልከች፣ ያን ስትለኝ ነው የያዝኳት።»

አታሚዋ ተመለከተች። የግራ ዓይኗ ቆብ ከቀኙ ትንሽ ከበድ ያለ ነው፤ ከንፈሯ ስቃ ላለመሳቅ የተጨመቀ ነው። ይህ ሁሉ በቴምብሯ ውስጥ አለ። ዘርግተው ሲያዩት ግን ይጠፋል። እያንዳንዱ የቀለም ነጥብ የሰሊጥ ፍሬ እያከለ ይመጣና ዓይኑም አፉም እንደ ደረጃ የተሰባበረ ይሆናል። ለሰው እጅ የሚሰጥ ፎቶ በአንዲት ኢንች ውስጥ ሦስት መቶ ነጥብ ይፈልጋል። ልብስ ሰፊው በሜትር ባሳዩዋት መጠን ቢታተም በአንዲት ኢንች የሚደርሰው አሥራ ሰባት ነው።

«በፕሮግራሙ እናጥራው» አለ ፈገግ በሉ።

የተበላሸ ፊት የሚያጠራ ፕሮግራም አላቸው፤ አሮጌ ፎቶ ለማደስ ያመጡት። የጎደለውን ነጥብ፣ ከዚህ በፊት ካያቸው የሌሎች ሰዎች ፊቶች እየገመተ ይሞላል። አታሚዋ አዘዘችው። ሦስት ደቂቃ ፈጀበት። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ያለች ልጅ ወጣች፤ ቅንድቧ ፀጉር በፀጉር ይቆጠራል፣ ጥርሷ ብቅ ብሏል፣ ዓይኖቿ እኩል ተከፍተው ያበራሉ። ቆንጆ ናት። በሕይወት ካለ ሰው ይልቅ በሕይወት ያለች ትመስላለች።

«እግዜር ይስጥልን፤ አትሚው» አለ ወንድሟ።

«እሷ አይደለችም።»

«ኮቱ የእርሷ፣ አንገቱ የእርሷ። በሐዘን ቤት ማን አጉልቶ ያያል?»

«እናቷ።»

«እንባ ባይኗ ሞልቶ? እትዬ ሙች፣ አትሚውና ይገላገሉ፤ አንቺም ተገላገይ።»

አንቺም ተገላገይ ያላት ነገር ገባት። ያቺ ቆንጆ ልጅ ግድግዳ ላይ ከወጣች ማንም ምንም አይጠይቅም። ያለፈው ክረምት ሥራዋን ውሃ ይበላዋል። ዓይኗን በጨው ታጥባ፣ እንኳን አገኘነው ጋሼ ብላ፣ ጠቅልላ ልትሰጣቸው ትችላለች። አትማለሁ ብላ አልወሰነችም፤ ግን እጇ ቁልፉን ተጫነው። ትልቁ ማተሚያ ነቅቶ አጓራና ከላይ ጀምሮ መስመር በመስመር ያወጣት ጀመር፤ በመጀመሪያ ፀጉሯን፣ ከዚያ ግንባሯን፣ ከዚያ እነዚያን እኩል ዓይኖች።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ወጣችና ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው። ልብስ ሰፊው ከወንበራቸው ተነሡ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መልሰው አጠለቁ። ብዙ ጊዜ ወሰዱ። ኮቱን አዩ፤ የአንገቱን መገልበጫ በጣታቸው ነካ አደረጉት፤ ይህ የእርሳቸው ሥራ ነው፣ አውቀውታል። ከዚያ ወደ ላይ ወጡና ፊቱ ላይ ቆሙ።

«ቆንጆ ናት» አሉ በመጨረሻ፣ በጨዋ ድምፅ። «የማን ልጅ ናት?»

ፈገግ በሉ ከጓዳው በር ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። አታሚዋ ወረቀቱን ገልብጣ በፊቱ ደፋችው።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። ይሄ ኮምፒውተሩ ከሰው ሁሉ ፊት ለቃቅሞ የሠራው ነው። የእርሷ ትንሽ ነው የቀረው።»

«ትንሽ ማለት?»

ወደ ጓዳው ወስዳ ቴምብሯን አሳየቻቸው። ሰውየው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ፤ ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። አዩዋት። ከዚያ አታሚዋ ምስሉን ዘረጋችው፤ ልጃቸው ዓይናቸው እያየ ተበተነች።

ልብስ ሰፊው ቀና አሉ። ሥራ የሚያውቅ ሰው ነገር ለመረዳት ብዙ ማስረዳት አይፈልግም።

«ጨርቁ አልበቃችሁም» አሉ።

«አልበቃም።»

«ስትነሳ ጊዜስ? ያኔ ይበቃ ነበር?»

«ይበቃ ነበር። ተርፎም ይተርፍ ነበር።»

«ታዲያ ማን ቆረጠው?»

«ጋሼ፣ ማሽን እኮ አንዳንዴ…» ብሎ ጀመረ ፈገግ በሉ።

«እኔ ነኝ» አለች አታሚዋ። «ማሽን አይደለም። ቦታ ያዘብኝ ብዬ ባለፈው ክረምት እኔ ራሴ ቆረጥኩት። የእርሷን ብቻ ሳይሆን የሰውን ሁሉ።»

ሰውየው ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ናሙና ፎቶዎች፣ የሙሽሮቹን፣ የሕፃናቱን፣ የማያውቋቸውን ሰዎች ፊት ሁሉ አንድ በአንድ ተመለከቱ። አታሚዋ የሚሏትን ጠበቀች፤ ስድብ ጠበቀች፣ እርግማን ጠበቀች።

«እኔ የሰው ጨርቅ ከመቁረጤ በፊት ባለቤቱን እጠይቃለሁ» አሉ።

ማልቀስ የእርሷ ተራ እንዳልሆነ አታሚዋ ታውቃለች።

«አሁን ምን ቀረልኝ? ቤት ሄጄ ምን ልበላት?»

ያን ጊዜ አታሚዋ ያለውን ሁሉ ሳታሳምር ነገረቻቸው። ጥርት ብላ እንድትወጣ ከተፈለገ ሁለት ጣት በሁለት ጣት ትሆናለች፤ ፊቷ የአውራ ጣት ጥፍር ያክላል። በራሷ ልክ እንድትሆን ከተፈለገ ደግሞ ትታተማለች፣ ግን ቅርብ ሆኖ ለሚያያት የለችም። ሩቅ ሆኖ ለሚያያት ግን አለች። ነጥቦቹ ከሩቅ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ መንገድ ዳር የሚሰቀል ትልቅ ማስታወቂያ ሥር ሄደው ቢያዩት ምን እንደሆነ አይለይም፣ ማዶ ሆነው ሲያዩት ግን ሰው ነው። እንደዚያ።

«ከስንት ነው የምትታየው?»

«ከስድስት እርምጃ።»

ልብስ ሰፊው ስድስት እርምጃ የሚለውን በከንፈራቸው ደገሙት። «በሕይወቷም ካሜራ ከዚያ አታስቀርብም ነበር» አሉ፤ ሊስቁ ፈልገው አፋቸው አልታዘዘላቸውም። «አትሚያት። በራሷ ልክ።»

አታሚዋ የቆንጆዋን ልጅ ፊት ቀደደችው፤ ኮቱን ለመቅደድ ግን እጇ እምቢ ስላላት ጠቅልላ ጥግ አቆመችው። ሁለተኛውን ስታትም የምታውቀውን ሁሉ አደረገች። የነጥቦቹን ጠርዝ ጥቂት አለዘበች፣ አንዲት ነጥብ ግን ከራሷ አልጨመረችም። ዓይን ስለሚያታልል የሚያብለጨልጨውን ወረቀት ትታ ደብዛዛውን ተጠቀመች። እየደጋገመች ከጓዳው ግድግዳ እስከ መንገዱ በር እየሸሸች አየችው፤ ስትርቅ ልጅቷ ትመጣለች፣ ያቺ ከበድ ያለች የዓይን ቆብ፣ ያ ያልተሳቀ ሳቅ። ስትቀርብ ትሄዳለች። ፈገግ በሉ እንጨቱን እየመታ ፍሬም ሠራ። ቀኑን ሙሉ አንድ ቀልድ አልተናገረም።

ሽኝቱ የሚደረግበት አዳራሽ ሰባት ተኩል ላይ ገና ባዶ ነበር። ሳጥኑ መካከል ላይ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አታሚዋ ፎቶውን ወደ ውስጥ ባለው ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጋ ሰቀለችና አግዳሚ ወንበሮቹን ወደ ኋላ ገፍታ በእርምጃ ለካች። የመጀመሪያው ረድፍ ሰባት እርምጃ ላይ ሆነ። ከፊቱ ሁለት አግዳሚ በአግድም አኖረች፤ ሰው እንዳያልፍ። ሙሽራ ቤት እንደሚያስጌጥ ሰው ወዲያ ወዲህ ስትል ራሷን ታዘበችና አፈረች።

ሰው ገባ። እንዳሰበችው ሆነ። በሩ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ክው ይላሉ፤ «ወይኔ፣ እሷው ናት እኮ!» ይላሉ፤ አብረዋት የሠሩ ሁለት ልጆች ፊት ለፊቷ ቆመው ተያይዘው አለቀሱ። ማንም አግዳሚውን አላለፈም። አታሚዋ ከግድግዳው ጋር ተለጥፋ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። ይህ ቀን ሳያጋልጣት ሊያልፍ ነው ብላ ማመን ጀምራ ነበር።

ስምንት ተኩል ላይ እናትየዋ ደረሱ። ሁለት ሴቶች በግራና በቀኝ ብብታቸውን ይዘዋቸዋል። በሩ ላይ ቀና ሲሉ ፎቶውን አዩ፤ እግራቸው ተተከለ። ከዚያ አንድ ቃል ወዲህ የተዘጋ አፋቸው ተከፈተ።

«መጣሽ?» አሉ።

ደጋፊዎቻቸውን በክርናቸው አስለቀቁና ሄዱ። ሳጥኑን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። አግዳሚው ጋ ሲደርሱ ልብስ ሰፊው ፊታቸው ቆሙ።

«እዚሁ ሁኚ» አሉ ባልየው። «ከዚህ ሆነሽ እያት። ከዚህ ነው ደህና የምትታየው።»

«ዞር በልልኝ።»

«አንቺ ሴት፣ አትቅረቢ ብዬሻለሁ…»

«ልጄ ናት፤ ዞር በል!»

ዞር አሉ። እናትየዋ አግዳሚውን በእጃቸው ገፍተው አለፉ። አንድ እርምጃ። ሁለት። በሦስተኛው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡ፤ እንባ መስሏቸው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። ግድግዳው ሥር ሲደርሱ እጃቸውን ወደ ጉንጯ ዘረጉ፤ እዚያ ግን ጉንጭ አልነበረም። ቡናማና ግራጫ ጉም ነበር፣ በጉሙ ውስጥ ሁለት ጥቁር ነጠብጣቦች።

«የት ሄደች?» አሉ።

እናትየዋ ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ ስድስተኛው እርምጃ ላይ ልጅቷ ተመለሰች። ትንፋሻቸው ተሰማ። እንደገና ወደፊት ሄዱ፤ እንደገና ጠፋች። እንደገና ተመለሱ። አራት ጊዜ እንዲህ አደረጉ፤ ማንም ሊይዛቸው አልደፈረም። በአምስተኛው ልጅቷ ያለችበትን ቦታ በእግራቸው አገኙትና ቆሙ። ከዚያ በኋላ ንቅንቅ አላሉም።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ስድስት ወንዶች ሳጥኑን አነሡ። ልብስ ሰፊው የሚስታቸውን ክንድ ያዙ።

«ሰዓት ደረሰ። እንሂድ።»

«ሂዱ።»

«ልጅሽን እኮ ልንቀብር ነው።»

«እኔ ከዚህ ከተነሣሁ ትጠፋብኛለች» አሉ እናትየዋ። ድምፃቸው ላይ ለቅሶ አልነበረም፤ ባቡር ያመልጠኛል እንደሚል ሰው ነበር የተናገሩት። ሳጥን ተሸካሚዎቹ ሸክማቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ልብስ ሰፊው በሰው ሁሉ መካከል አታሚዋን ፈለጓትና አገኟት። ሲያዩዋት፣ ቀኑን ሙሉ ለሚስታቸው ያልነገሩትን የእርሷን ጥፋት አሁንም እንደማይናገሩላት ገባት፤ የቀረው የእርሷ ነው።

ከግድግዳው ተላቅቃ እናትየዋ አጠገብ ሄደች።

«እማማ፣ የፎቶ ቤቷ ነኝ። ልጅዎ ስትነሳ እንዲህ አልነበረችም። ቅርብ ሆነው ቢያዩዋት የዓይኗ ሽፋሽፍት ሳይቀር ይቆጠር ነበር። እኔ ነኝ ያሳነስኳት። ቦታ ያዘችብኝ ብዬ።»

ከኋላ አንድ ሰው «ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ። እናትየዋ ዘወር አላሉም፤ ዓይናቸውን ከፎቶው ላይ ማንሳት ፈርተዋል።

«ትልቅ ነበረች?»

«ትልቅ ነበረች።»

«ሽፋሽፍቷም ነበረ?»

«ነበረ።»

አታሚዋ አንገቷን ደፍታ ቆመች፤ በጥፊ ቢመቷት አትሸሽም።

«እንግዲያው አንቺ ያዢልኝ» አሉ እናትየዋ።

አታሚዋ መጀመሪያ ምን እንዳሏት አልገባትም። ሲገባት አግዳሚ ላይ ወጥታ ፎቶውን ከሚስማሩ አወረደችው፤ የልጅቷን ፊት ወደ እናትየዋ አድርጋ ደረቷ ላይ ያዘችው። ከአገጯ እስከ ጭኗ ድረስ ሸፈናት። ወደ ሳጥኑ በኩል ዞራ እናትየዋን ከፊቷ አደረገች፤ በመካከላቸው ስድስት እርምጃ ሆነ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። እናትየዋ አንድ እርምጃ ወደፊት መጡ። ደግሞ አንድ።

ሳጥኑ ቀድሞ ወጣ። አታሚዋ በጀርባዋ እየሄደች በሰው መካከል አለፈች፤ ሰዉ በዝምታ ገለል እያለ መንገድ ሰጣት። የእናትየዋን ጫማ እንጂ ሌላ የምታየው ነገር የለም። ሲፈጥኑ ትፈጥናለች፣ ሲቆሙ ትቆማለች። የፍሬሙ እንጨት ጣቷን ይቆርጣታል። ከአዳራሹ እስከ መቃብሩ ስንት መንገድ እንዳለ ታውቀዋለች፤ ቁልቁለት አለው፣ ድልድይ አለው። ተረከዟን ወደ ኋላ ዘርግታ የበሩን ደፍ ፈለገች፤ ከደፉ በታች ደረጃ አለ፣ ስንት እንደሆነ ግን ስትገባ አልቆጠረችም።

«ቀስ» አሉ እናትየዋ ከስድስት እርምጃ ላይ። «እንዳትጥያት።»